የዶሮ ቅርጫ

ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላውጋችሁ። ቡና ካልኩ አይቀር፣ እዚህ ቤት ለሁለት ሰው ተብሎ የሚፈላ ቡና የለም፤ ጀበናውም አይፈቅድ፣ እጄም አይፈቅድ። ሲኒ ስደረድር ስድስት ካልሞላ ረከቦቱ የጎደለ ይመስለኛል። ባለቤቴ አንዱን ያነሣል፣ አንዱን እኔ አነሣለሁ፣ የቀሩት አራቱ አፋቸውን ከፍተው ያዩናል። ሲያበቃ ስድስቱንም አጥባለሁ። ሻምበል (ባለቤቴን ሰፈሩ ሁሉ በማዕረጉ ነው የሚጠራው፣ እኔም ከሰፈሩ ተምሬ ቀረሁ) «ያልጠጣንበትን የምታጥቢው የማን ዕዳ ሆኖብሽ ነው?» ይለኛል። ምን ልበለው?

ድሮ እንዲህ አልነበርንም። ግቢ ቤት ሳለን ዘጠኝ አፍ ነበርን፤ ልጆቹ፣ የእህቴ ልጆች፣ አማቴ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከሠራተኛዋ ጋር። ዘጠኝ ስላችሁ ደግሞ በምሳ ሰዓት በሩን ገፋ አድርጎ «ቤቶች!» የሚለውን የሰፈር ሰው ሳልቆጥር ነው። ከዚያ ልጆቹ አንድ በአንድ ወጡ። ትልቁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባ፤ ሁለተኛዋ ሐዋሳ አገባች፤ ትንሿ አዳማ ሥራ አገኘሁ ብላ ሻንጣዋን አነሣች። ቤቱም ለልማት ተነሣና እኔና ሻምበል ከነድስቶቼ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ወጣን። ድስቶቹን ሽጪያቸው ያላለኝ የለም። እምቢ አልኩ። ድስቷን የሸጠች ሴት ነገ ልጆቿ ቢመጡ በምን ልትቀበላቸው ነው? (ሲመጡ ምግብ ቤት ነው የሚወስዱን፣ እሱን ተዉት።)

«ከእንግዲህማ አረፍሽ» አሉኝ ዘመዶቼ። እኔ እንኳን አርፌ ነበር፣ እጄ ነው ያላረፈው። እጅ ደግሞ መቼም ሚዛን የለውም፤ የለመደውን ነው የሚዘግነው። ሽሮን ታውቋት የለ? ቀጠነች ብላችሁ ዱቄት ትነሰንሳላችሁ፣ ወፈረች ብላችሁ ውኃ ጠብ ታደርጋላችሁ፣ እንደገና ቀጠነች፣ እንዲህ ስትካሰሱ ድስቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል። ምስሩም ያው ነው። ሻምበል ጦር ሜዳ የበላ ሰው ስለሆነ ምግብ አያማርርም፤ ሰኞ የሠራሁትን ምስር ማክሰኞም ረቡዕም ዝም ብሎ በላ። ሐሙስ ማታ ግን ሳህኑን ትኩር ብሎ አየና «ይቺ ምስር ከእኔ የበለጠ አገልግላለች፤ ለምን በጡረታ አትሸኛትም?» አለኝ።

እንጀራውማ ሌላ ጣጣ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ወርዱ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፤ የተሠራው ለቤተሰብ እንጂ ለባልና ሚስት አይደለም። ኤርሾው ገብቶ፣ ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ተቀምጦ፣ አብሲት ተጥሎለት፣ ኩፍ ብሎ፣ ይህ ሁሉ ለአራት እንጀራ? ጋግራችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የመጀመሪያዋ የምጣድ ማሟሻ ናት፣ ሁለተኛዋ ታኮርፋለች፣ ሦስተኛዋ ላይ ገና ዓይን ማውጣት ይጀምራል። አራት ብቻ ልጋግር ያለ ሰው እጁ ሲፍታታ ሊጡ ያልቃል። እጄ እስኪፍታታ ልጋግር ካልኩ ደግሞ መሶቡ ሞልቶ ከሰሞኑ ሻጋታው ይጀምረዋል። ስለዚህ (ይህን ለማንም እንዳትናገሩብኝ) ከሱቅ መግዛት ጀመርኩ። በሙያዋ ስንት ሠርግ የተጠራች ሴት፣ ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ ተከናንቤ፣ በጥቁር ፌስታል አራት እንጀራ! ባለሱቁ አንድ ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ «ማዘር፣ የትናንቱ ጣፈጠ?» አለኝ። እሱን ሱቅ ተሻግሬ መግዛት ከጀመርኩ ሰነባብቻለሁ።

ገበያም ቢሆን ለሁለት ሰው አልተሠራም። ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ከተነሣ ወዲህ እኔ ወደ ሾላ ነው የማዘወትረው። እዚያ ሽንኩርት የሚሸጠውን ልጅ ግማሽ ኪሎ መዝንልኝ ብለው «ለቅምሻ ነው?» አለኝ። አጠገቡ ያለችው ሴትዮ ሳቀች። አፍሬ አምስት ኪሎ ገዛሁ። ለምን አምስት እንዳልኩ አትጠይቁኝ። ሁለት ብል አይበቃም ነበር? እቤት ስደርስ ሻምበል ዘንቢሉን አየና «ማን ሊመጣ ነው?» አለ።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ነው ፋሲካ የደረሰው። 55 ቀን ጾመን፣ ሆዳችን ከጎመንና ከሽሮ ሌላ የሚያውቀው ጠፍቶ፣ ዶሮ አይታሰብም አይባልም። ግን ዶሮ ስታስቡት ለሁለት ሰው የተፈጠረ አይደለም። ብልቱ 12 ነው። እኔ ሁለት ብበላ፣ ሻምበል ከጨከነ ሦስት ቢበላ፣ የቀረውን ማን ይብላው? ባለፈው ገና የሠራሁት ዶሮ ጥምቀትን ከእኛ ጋር ነው ያከበረው። ታኅሣሥ 29 ተሠርቶ ጥር 11 ታቦት ሸኘ! ፍሪዘር ውስጥ ብከትተው መብራቱ ሄደ፤ ሲመለስ አሞቅኩት፣ እንደገና ሄደ፣ እንደገና አሞቅኩት። መጨረሻ ላይ ሥጋው ከአጥንቱ ተለይቶ የት እንደገባ ጠፋን።

የሕማማት ሰኞ የብሎካችን ሰዎች ለበሬ ቅርጫ ሊመዘግቡን መጡ። አንድ መደብ ሥጋ ለሁለት ሰው! የትኛው ጥርሳችን ሊበላው? አመስግኜ መለስኳቸው። ቃሉ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ቅርጫ። በሬ ከተከፈለ ዶሮ የማይከፈልበት ምን ሕግ አለ? አያቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ አይደለም እንዴ? እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ። እንቅልፍ የነሣኝ የብልሃቴ ብዛት ነው።

ፊት ለፊታችን ያሉት ባልና ሚስት ገና የተጋቡ ናቸው፤ እነሱም ሁለት፣ እኛም ሁለት። ልጅቷ ደግሞ ጨዋ ናት፣ በደረጃ ስታገኘኝ የያዝኩትን ሳትቀበለኝ አታልፍም። በማግስቱ በሩን አንኳኩቼ ነገርኳት።

«ዶሮ በግማሽ ማለት... ቆርጠው ነው የሚሸጡት እትዬ?» አለችኝ።

«አይ ልጄ! እኛው ገዝተን፣ እኛው ብልቱን አውጥተን፣ ስድስት ስድስት ብልት እንካፈላለን።»

ትንሽ አሰበች። መቼም እምቢ ማለት አልቻለችም፤ ያሳደጓት ሰዎች ይመስገኑ።

ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት ጉልባኔን ቀቅዬ (እሱም ለሁለት ሰው ተብሎ የተቀቀለ ነው፤ ከጥበቃዎቹ እስከ ፓርኪንግ ልጆች ድረስ ደርሷቸዋል) ሾላ ወረድን። የሐበሻ ዶሮ፣ ቀይ አውራ፣ እግሩ ቢጫ። ክንፉን ይዤ ከፍ ዝቅ አድርጌ መዘንኩት፣ ደረቱን ዳሰስኩት፣ ዋጋ ተከራከርኩ። ልጅቷ ግማሹን ብር ከቦርሳዋ፣ እኔ ግማሹን ከመቀነቴ አውጥተን ስንቆጥር ነጋዴው ግራ ተጋብቶ አየን። «ለሁለት ቤት አንድ ዶሮ? ጾሙን ልትቀጥሉ ነው እንዴ?» አለ። እንዲህ ሲል ባይጮህ ጥሩ ነበር።

አሁን ዶሮው የት ይደር? እኔ ጋ ቢያድር እሷን ያላመንኳት መሰለኝ፣ እሷ ጋ ቢያድር እሷ እኔን ያላመነችኝ። እና በሁለታችን በር መካከል፣ ደረጃው ላይ፣ ከብረቱ ጋር አሰርነው። አውራ ዶሮ በደረጃ ቤት ውስጥ ሲጮህ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ድምፁ ከአራተኛ ወርዶ ምድር ቤት ደርሶ ተመልሶ ይመጣል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብሎኩ ሁሉ ተነሣ። «የማን ዶሮ ነው?» ሲባል ከውስጥ ሆኜ «የጎረቤት ነው» አልኩ። ልጅቷም ከበሯ ውስጥ ሆና እንደዚያው ስትል ሰማኋት።

ቅዳሜ ኮሚናሉ ጋ ወረድን። ለማታውቁት፣ ኮሚናል ማለት ለእርድና ለእንጀራ ተብሎ ለነዋሪው በጋራ የተሠራው ቤት ነው። የበሬ ቅርጫው ሰዎች ከንጋት ጀምሮ እዚያው ናቸው፤ መደቡ በመደዳ ተዘርግቷል፣ ቢላዋ ይሳላል፣ ሰው ይተራመሳል። እኛ ደግሞ ሁለት ባል፣ ሁለት ሚስት፣ አንድ ዶሮ። ሻምበል ባርኮ አረደ። በፈላ ውኃ ነጨሁ፣ ለበለብኩ፣ በለትኩ፤ በሎሚና በጨው እያሸሁ ውኃው ጥርት እስኪል አጠብኩ። እስከዚህ ድረስ ማንም ልብ አላለንም። ጉዱ የመጣው ጥበቃው ወገቡን ይዞ «የሌላው ዶሮስ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ልጅቷ ምን አለች መሰላችሁ? በቅን ልቧ፣ ፈገግ ብላ፣ «ቅርጫ ነው» አለች።

እስቲ አስቡት። የበሬው ሰዎች ቢላቸውን እንደያዙ መጡ። ክብ ሠርተው ቆሙ። እኔ ፕላስቲክ ላይ ሁለት መደብ አድርጌ እየደረደርኩ ነው፤ እግር አንድ ለዚህ አንድ ለዚያ፣ መላላጫ አንድ ለዚህ አንድ ለዚያ፣ ክንፍም እንደዚሁ። «ምላስ ሰምበሩ እንዳይረሳ!» አለ አንዱ። «ሻኛውን ለማን አደረጋችሁት?» አለ ሌላው። አንገቴን ደፍቼ እደረድራለሁ። ላቤ ጠብ ይላል። አንዲት ሴትዮማ ልጇን አዝላ መጥታ «ይኸውልሽ፣ ዶሮ በቅርጫ ሲከፈል አየሽ?» አለቻት። ሕፃኗ እጇን አጨበጨበች።

ጥንድ ያለው ሁሉ በሰላም ተከፈለ። ጥንድ የሌለው ላይ ነው ነገር የመጣው፤ ዶሮ አንድ ፈረሰኛ ብቻ ነው ያለው። ፈረሰኛ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ የአባወራ ነው፤ ሻምበል ከተጋባን ጀምሮ በዓል በመጣ ቁጥር ፊቱ ቀርቦለት ኖሯል፤ ለእሱ ከማዕረጉ ያነሰ ነገር አይደለም። እዚህ ደግሞ ሁለት አባወራ አለ። በመሐል እንሰንጥቀው እንዳልል፣ ፈረሰኛ ተሰንጥቆ ምን ፈረሰኛ ይሆናል? የበሬው ሰዎች አንድ ላይ «ዕጣ!» አሉ። ወግ ነውና እሺ አልኩ። አንደኛው መደብ ላይ ፈረሰኛውን፣ ሌላው ላይ አንገቱን አደረግሁ። እኔ ከሹራቤ ቁልፍ በጥሼ ሰጠሁ፣ ልጅቷ የፀጉር መያዣዋን፤ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ የጥበቃው ልጅ ሁለቱን ተቀብሎ መጣ። ቁልፌን አንገቱ ላይ ጣለው።

ጭብጨባው አልቆመም። ሙሽራው ፈረሰኛውን በሁለት ጣቱ አንሥቶ አየውና «ይሄኛው የቱ ጋ ነው ያለው? አጥንት አለው እንዴ?» አለ። ወደ ሻምበል አላየሁም። ሳላየውም ተሰምቶኛል። ወደ ደረጃው ሲሄድ ጀርባው ቀጥ ብሎ ነበር፤ የታወቀ የሰልፍ አካሄዱ ነው።

ማብሰሉ ይሻላል ብዬ ገባሁ። ከድስቶቼ ትንሿ የምትባለው ለዘጠኝ ሰው የምትሆነዋ ናት። ለግማሽ ዶሮ የሚሆን ሽንኩርት ከተፍኩና ጣድኩ። ዶሮ ወጥ መቼም ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በራሱ ውኃ መቁላላት አለበት፤ ሲበዛ ውኃውን እየተፋ እርስ በርሱ ይበሳሰላል። ሲያንስ ግን ሰፊ ድስት ውስጥ ይበተንና ውኃው ወዲያው ይተንናል፣ ሳይበስል ያርራል። ማረር ሲጀምር ሽንኩርት ጨመርኩ። ሽንኩርቱ በዛና በርበሬው ፈዘዘ፤ በርበሬ ጨመርኩ። በርበሬው ሲበዛ ቅቤው አልቻለውም፤ ቅቤ ጨመርኩ። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማው ሁሉም ድርሻቸውን ጠየቁ። ያን አምስት ኪሎ ሽንኩርት እዚህ ላይ ነው የጨረስኩት። ቀና ስል ድስቱ ግጥም ብሎ ሞልቷል፣ ቀይ ባሕር ሆኖ ይንተከተካል። ስድስቱን ብልት ስጨምርበት ሰመጡ፣ ዳግም አልታዩም።

ዶሮ የሌለበት ዶሮ ወጥ ለበዓል ይቀርባል? ሻምበልን ለመንኩት። ያኮረፈ ሰው መላክ ጥሩ አይደለም፣ ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ቀኑ መሽቷል፣ የቆመ ዶሮ አይገኝም፤ ሱፐርማርኬት ሄዶ ማንኛውንም የታሸገ ዶሮ እንዲያመጣ ነገርኩት። አመጣ። ማሸጊያውን ስቀድ እግር ነው። ሁለተኛውም እግር። ስድስት እግር፣ ሌላ ምንም የለም። «ዶሮ አልሽ፣ ዶሮ ነው» አለ። በረዶው ሳይለቅ ከተትኩት፣ ምን አማራጭ አለኝ?

በዚህ መሐል ልጅቷ ብቅ አለች፤ አንዲት ትንሽዬ መጥበሻ ይዛ። የእሷ ድርሻ አልቋል። ሽንኩርቱን በማሽን ፈጭታ (ይቅር ይበላት)፣ በስኒ ለክታ፣ ስልኳ ላይ እያየች ነው የሠራችው። «እስቲ ይቅመሱልኝ እትዬ፣ ጨው በዝቶ ይሆን?» አለች። ቀመስኩት። አልበዛም። ምንም አልጎደለውም። ሁለት ሰው ሁለት ጊዜ በልቶ የሚጨርሰው፣ መጥበሻውን ልክ የሞላ ወጥ። «ትንሽ መከለሻ ያንሰዋል» አልኳት። ውሸቴን ነው።

ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ጾማችንን ስንፈታ ሻምበል እንጀራውን ወጡ ውስጥ እያንሳፈፈ ፈለገ፣ ፈለገ፣ እግር አወጣ። ደግሞ ፈለገ፣ እግር። ጠዋት ትልቁ ልጄ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደወለ፤ እዚያ ካለው የእኛ ሰው ምግብ ቤት ዶሮ ወጥ አዝዞ ሊበላ ነው። «ስንት ብልት ይሰጡሃል?» አለው አባቱ። አንድ እግርና አንድ እንቁላል። ሻምበል ስልኩን ከጆሮው አራቀና እኔን አየኝ። «ሰምተሻል? ለአንድ ሰው መሥራት ይቻላል።»

እኩለ ቀን ላይ የዕድር ዳኛው እንኳን አደረሳችሁ ሊሉን መጡ። ለሻምበል የድሮ ባልደረባ ናቸው። ጭልፋዬን አጥልቄ ያገኘሁትን አወጣሁላቸው፤ እግር፣ እግር፣ ደግሞ እግር። አንድ ከቅርጫው፣ ስድስት ከፌስታሉ፣ ሰባት እግር ያለው ዶሮ ማለት ነው። ሳህናቸውን አገላብጠው ሲያዩ ሻምበል ጉሮሮውን ጠረገና «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታው፣ ፈረሰኛው ፊት ለፊት ካለው ኃይል ጋር ተሰልፏል። እዚህ ያለነው እግረኛ ብቻ ነን» አላቸው። ሰውዬው ሳቃቸው ትን አላቸው፤ ውኃ አጠጣኋቸው።

የቀረውን በየሳህኑ አደረግሁና ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት በር በር አንኳኳሁ። ጥበቃው ሦስተኛውን ሳህን ሲቀበለኝ «እትዬ፣ ግማሽ ዶሮ እንዲህ ከበዛ ሙሉውን ቢሠሩት ወረዳውን ያበሉ ነበር» አለኝ። አላርፍ ያለች ጣት ምን ጠንቁላ እንደምትወጣ ታውቃላችሁ፣ ዝም አልኩ።

አሁን ያለፈው ሳምንት ነው፣ ድስቱን ገና ፍቄ አልጨረስኩም፣ በሩ ተንኳኳ። የሁለተኛ ፎቅ ባልና ሚስት ናቸው፤ ከኋላቸው የሦስተኛ ፎቋ ጡረተኛ መምህርት ከእህቷ ጋር ቆማለች። ሁሉም ሁለት ሁለት ሆነው ነው የመጡት። ባልየው ደብተር ይዟል።

«ይቅርታ እትዬ፣ ለእንቁጣጣሽ የዶሮ ቅርጫ የሚመዘገበው እዚህ ነው ብለውን ነው።»

እኔ መልስ ሳልሰጥ የሻምበል ድምፅ ከሳሎን መጣ።

«ፈረሰኛው ተይዟል በያቸው!»